አራተኛውን ለምን ተውከው?

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እህትህ ፈተና ላይ ናት፤ አባትህ ያው ዜናው ላይ ነው። የቤቱን ወሬ በስልክ እነግርሃለሁ። ይሄ ደብዳቤ ስለ ኧርዝሲ ብቻ ነው፣ ስለ ደሴቶችና ስለ አስማተኞች ስለሚተርኩት የደራሲዋ የኡርሱላ ለ ግዊን ስድስት መጻሕፍት። በስልክ ከጀመርኩት ካርዴም አይበቃኝ፣ አንተም "እሺ እማ፣ እሺ" ብለህ ነው የምትዘጋብኝ።

ከጓደኞችህ ጋር ስትከራከሩ ቀድተህ የላክልኝን ድምፅ ደጋግሜ ሰማሁት። በጣም ነው ደስ ያለኝ። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ስለ ጀልባና ስለ ድራጎን ስትጨቃጨቁ! አንዱ አንደኛውን አንብቦ ማቆም ነው ይላል። ሌላው ሁለተኛው ላይ ባሕሩ የት ሄደ ብሎ ይናደዳል። ያ ቶሎ ቶሎ የሚያወራው ልጅ ደግሞ እውነተኛ ስምን የመደበቁ ነገር የሕፃን ጨዋታ ነው አለ። አንዷ ልጅ "ሴቶቹስ?" ብላ ጠየቀች፤ ማንም አልመለሰላትም፣ አንተም ጭምር። መጨረሻ ላይ ግን ሁላችሁም በአንድ ነገር ተስማማችሁ፦ አራተኛው አይነበብም። አጎትህ ስድስቱንም ከውጭ ድረስ ተሸክሞ አምጥቶልህ፣ አራተኛውን ግማሽ ሳታደርስ ትተኸው አልጋህ ሥር አገኘሁት።

እኔ ጨረስኩት። ከስድስቱም እሱን ነው የምወደው። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ግን ቀስ ብዬ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ።

አንደኛውን የሚያደንቁት ልጆች እውነት አላቸው። ኡርሱላ ለ ግዊን በ1968 ያወጣችው ነው። አሳታሚው ለወጣቶች የሚሆን ነገር ጻፊልኝ ሲላት ነው ነገሩ የተጀመረው፤ እሷም ሽማግሌ አስማተኞች ሁሉ ልጅ ሳሉ የት ተምረው ነው ብላ አሰበች፣ ደሴቶቹንም ካርታ ላይ ሣለቻቸው። ዋናው ሰው ጌድ ፍየል ጠባቂ ነው፣ አስማት ሊማር የሚሄድ። ትዕቢቱ አናቱ ላይ ወጥቶ፣ የትምህርት ቤት ተፎካካሪውን ጃስፐርን ላሳየው ብሎ የማይነካውን ነክቶ፣ ያንን የሚያሳድደውን ክፉ ጥላ ወደ ዓለም ለቀቀው። እናንተ ስለ ድራጎኖቹ ነው ያወራችሁት። እኔ ልቤን የወሰደችው ጀልባዋ ናት። ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ዓይኑ ታሞ ነበር፣ ጌድ አከመው፣ ሽማግሌው ደግሞ አሮጌ ጀልባውን ሰጠው፤ ስሟን ሉክፋር በላት፣ ከፊቷም በግራና በቀኝ ዓይን ሣልላት አለው። ዓይኑ የበራለት ሰው ለጀልባውም ዓይን ይሁንላት አለ እኮ! እኔ እዚህ ጋ መጽሐፉን አጥፌ ትንሽ ቁጭ አልኩ።

ጓደኛህ "አስማተኛ ከሆነ ለምን ነፋሱን ጠርቶ በአንዴ አይደርስም?" አለ። ይጠራል እኮ። ነገር ግን አዋቂዎቹ ይቆጥቡታል፤ አንዱ ደሴት ላይ በአስማት የተጠራ ዝናብ ሌላው ደሴት ላይ ድርቅ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የለ ግዊን ባሕር እውነተኛ ባሕር የሚመስለው። ሰውየው ይርበዋል፣ ልብሱ አይደርቅም፣ እንቅልፍ ያጣል፣ መሬት ሲያይ ማን እንደሚቀበለው አያውቅም። ባሕር የሌለን ሰዎች ስለሆንን መሰለኝ፣ እኔ እነዚህን ገጾች የማነባቸው እንደ ተራበ ሰው ነው።

የስሙ ጉዳይ ደግሞ! ልጁ የሕፃን ጨዋታ ሲል ሳቄ መጣ። አያትህ የክርስትና ስምህን ለጎረቤት ነግራ ታውቃለች? ልጅ ሳለህ አንዲት ሴትዮ ቤታችን መጥታ፣ ቡና እየጠጣች፣ "የክርስትና ስሙ ማን ነው?" ስትል አያትህ እንዳልሰማች ሆና ረከቦቱን አስተካከለች። ሴትዮዋ ደገመች። አያትህ ስኳር ጨመረችላት። ለመተት የሚፈለገው የክርስትና ስምና የእናት ስም ነው ተብሎ ነው ያደገችው፤ እኔም እንደዛው ነኝ፣ ይኸው እዚህ ደብዳቤ ላይም አልጽፈውም። ታዲያ ኧርዝሲ ውስጥ ሰው መጠሪያ ስም ሲኖረው፣ እውነተኛ ስሙን ግን ከነፍሱ ለሚያምነው ሰው ብቻ ሲናገር ለእኛ ምኑ አዲስ ነው? ጓደኛው ቬች ለጌድ እውነተኛ ስሙን የነገረበት ቦታ ትዝ ይልሃል? ጌድ በጥላው ቆስሎ፣ ተዋርዶ፣ ጓደኛ የለኝም ብሎ ባሰበበት ሰዓት። አሜሪካዊ አንባቢ እዚያ ጋ ስለ ጓደኝነት ያነባል። አያትህ ብታነበው ግን ትደነግጥ ነበር፤ ልጁ ነፍሱን አሳልፎ ሰጠ ብላ።

ቬች ጥቁር ነው፣ ጌድም ቀይ ዳማ። ጓደኞችህ ይህን አላነሱትም፣ ምናልባት አላስተዋሉትም፤ ለ ግዊን ሆን ብላ ሳታውጅ ነው ያስገባችው። ነጮቹ ከምሥራቅ መጥተው የሚዘርፉት ናቸው። ብዙ የሽፋን ሥዕሎች ግን ጌድን ነጭ አደረጉት፣ በ2004 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የወጣው ተከታታይም እንዲሁ፤ እሷም ተናድዳ በአደባባይ ጻፈችባቸው። ደግ አደረገች።

ሁለተኛው ላይ ባሕሩ የት ሄደ ላለው ልጅ፦ ቴናርን በሕፃንነቷ ከእናቷ ወስደው፣ ስሟን ነጥቀው፣ ከመሬት በታች ባለው ጨለማ ላይ ካህን አደረጓት። ባሕሩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ያን ሁሉ ገጽ በጨለማ ስትዳብስ ቆይተህ ድንገት ውኃውን ስታየው፣ ከአንደኛው መጽሐፍ ባሕር ሁሉ ይሰፋል። ሦስተኛው ላይ በበኩሌ ታንኳ አያይዘው ባሕር ላይ የሚኖሩትን ሰዎች ወደድኩ፤ የቀረው ስለ ሞት በጣም ያስባል፣ ከበደኝ።

አሁን ወደ አራተኛው ልምጣ፣ ወደ ቴሃኑ።

ያቺ "ሴቶቹስ?" ያለችው ልጅ ትክክል ናት። አንደኛው መጽሐፍ ላይ የሴት አስማት ደካማ ነው፣ ክፉም ነው የሚል ተረት አለ፣ ጌድ በተወለደበት ደሴት የሚባል። የአስማት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ደግሞ ወንድ ብቻ ነው ያለው። እኔም አንብቤ ተናድጃለሁ። ለ ግዊን ግን ዝም ብላ አላለፈችውም። ሦስተኛውን በ1972 ጽፋ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ቆይታ፣ በ60 ዓመቷ ተመልሳ መጣች። ቴናር አሁን ባሏ የሞተባት ገበሬ ናት፣ ልጆቿ አድገዋል። ሰዎች እሳት ውስጥ የጣሏትን ትንሽ ልጅ ታሳድጋለች። ጌድ በድራጎን ጀርባ ይመጣል፣ ኃይሉ ሁሉ አልቆ።

እናንተ የጠላችሁት እዚህ ጋ ነው። "ጀግናውን ሰበረችው" አላችሁ። ልጄ፣ ሦስተኛው ላይ በሕያዋንና በሙታን መካከል የተከፈተውን ያን በር ለመዝጋት ያለውን ሁሉ አፍስሶ የለም እንዴ? ታዲያ በማግሥቱ ምን እንዲሆን ፈለጋችሁ? ሌላ ጀብዱ? ሰውየው ያፍራል። ንጉሡ የላካቸው ሰዎች ሲመጡ ይሸሸጋል። ሄዶ እንደ ልጅነቱ ፍየል ይጠብቃል። ያ ሁሉ ዝና ካለፈ በኋላ ማነው እህል የሚያቀርብለት፣ ምን ሠርቶ ይኖራል፣ ማን ሆኖ ይኖራል፤ ይህን የሚጠይቅ የጀብዱ መጽሐፍ ከዚያ በፊት አላነበብኩም። ነገሩ ዝግ ይላል፣ አልክድህም። ከመሃል አካባቢ እኔንም አንገላታኝ። ግን በዚያው ዓመት ከወጡት መካከል ለእንዲህ ዓይነት ምናባዊ ልብ ወለዶች የሚሰጠውን የኔቡላን ሽልማት የወሰደው እሱ ነው፤ ለድራጎኑ ብቻ ብለው የሰጡት አይመስለኝም።

አንተ ያልደረስክበት አንድ ቦታ አለ፣ ታሪኩን ሳላበላሽብህ ልንገርህ። የቴናር ልጅ መርከበኛ ነው። ከስንት ጊዜ በኋላ ከባሕር ይመለሳል። በልቶ ሲጨርስ ሳህን እጠብ ሲባል የሴት ሥራ ነው ይላል። ሳህኑን የሚያጥበው ማን መሰለህ? ጌድ! ድራጎን ያነጋገረው፣ የደሴቶቹ ሁሉ አለቃ የነበረው ሰውዬ። የመርከበኛው ልጅ ማንን እንዳስታወሰኝ አልናገርም፤ ክረምት ላይ ስትመጣ እናያለን።

ወይዘሮዋ ጎረቤታችን በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ባሕር ዳር ስለምትሄድ አራተኛውን በእሷ እልክልሃለሁ። መጀመሪያ ለዚያች ልጅ አውሰው፣ እሷ ስትጨርስ አንተ ከመጀመሪያው ጀምር እንጂ ካቆምክበት አትቀጥል። ከዚያ አምስተኛውን አትዝለል። አጫጭር ታሪኮች ናቸው ብለህ ትንቀው ይሆናል፤ የመጨረሻው፣ "ድራጎንፍላይ" የሚለው፣ ወደ ስድስተኛው የሚያሻግረው እሱ ነው፤ እሱን ሳታነብ ስድስተኛው ላይ አንዷን ልጅ ከየት መጣች ትላለህ። ካልሲህንም አብሬ እልካለሁ።

እናትህ