ባሕር ዳር፣ ዳሩ የት አለ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላም ናችሁ? ሀዋሳና ባሕር ዳር ሲወዳደሩ ባየሁ ቁጥር አንብቤ ዝም እላለሁ። ዘንባባው ይቆጠራል፣ መንገዱ ይቆጠራል፣ አሣውና ሆቴሉ ይቆጠራል፣ መጨረሻ ላይ «ሁለቱም ውብ ናቸው» ይባልና ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ ሁለቱም ጋ ኖሬያለሁ። ባሕር ዳር ለትምህርት ሄጄ ሥራም እዚያው ይዤ ስድስት ዓመት ቆየሁ፤ ሀዋሳ ከመጣሁ ደግሞ አሁን አምስተኛ ዓመቴ ነው። ስለዚህ ውበቱን ትቼ አንድ ነገር ብቻ ላወዳድር። ኪሱ ውስጥ የባጃጅ ብር ብቻ ያለው ሰው፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ምንም ሳያዝዝ፣ ውሃው ድረስ ሄዶ እጁን መንከር ይችላል ወይ?

በዚህ ከሆነ ሀዋሳ ትበልጣለች። ያውም በሰፊው። ጎጃሜ ነኝ፣ ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ እንዳይመስላችሁ።

ነገሩ የገባኝ እናቴ ከገጠር ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የጣናን ስም ስትሰማ ኖራ በዓይኗ አይታው አታውቅም። ከመኪና ወርዳ ገና ሳታርፍ «በል ጣናን አሳየኝ» አለችኝ። በኩራት ይዣት ወጣሁ። የመጀመሪያው በር መሥሪያ ቤት ነው፣ መታወቂያ ይጠይቃል። ሁለተኛው ጋ ስብሰባ አለ ተባልን። ከዚያ ረጅም የቆርቆሮ አጥር መጣ፣ ውሃው በቀዳዳው እየተቆራረጠ ብልጭ ይላል፣ እናቴም በየቀዳዳው እየቆመች ታያለች። በመጨረሻ አንድ ሆቴል በር ላይ ደረስን። ጥበቃው የላስቲክ ጫማዋን አየት አደረገና «እማማ፣ ለመጠቀም ነው?» አላት። «ኧረ ለማየት ነው ልጄ» አለችው። እኔ ፈጠን ብዬ «ለመጠቀም ነው» አልኩ።

አንድ አምቦ ውሃና አንድ ማኪያቶ አዘዝን። ሂሳቡ የዚያን ጊዜ የሁለት ቀን ምሳዬ ነበር። እናቴ አምቦ ውሃውን ቀመስ አድርጋ ተወችው፣ ተነስታም ወደ ውሃው ወረደች። ጥቂት ድንጋይ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ደንገል። ጎንበስ ብላ ልትነካው ስትል አስተናጋጁ ከኋላ «እናቴ፣ እዚያ መውረድ አይቻልም» አለ። ክፋት አልነበረውም፣ ታዞ ነው። ዞር ብላ «የማን ነው?» አለችኝ። ስለ ሆቴሉ የጠየቀችኝ መስሎኝ የባለቤቱን ስም ልነግራት ስጀምር «ውሃው ነው የምልህ» አለች።

መልሱ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ አለ። መሬትም የተፈጥሮ ሀብትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ለእናቴ ግን ይህን ብነግራት በዚያ ሰዓት የምትስቅብኝ መሰለኝና ዝም አልኩ።

ባሕር ዳሮች አሁን «አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አባይን አይቻለሁ። በአጥር ቀዳዳ ነው እንጂ። ጣና ከሀዋሳ ሐይቅ ጋር በስፋት የሚወዳደር አይደለም። ጣና ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ሀዋሳ 100 ገደማ ቢሆን ነው፣ ወዲያ ማዶው ጥርት ባለ ቀን ቁልጭ ብሎ ይታያል። (በጥልቀት ግን ትንሿ ሀዋሳ ጣናን ትበልጣለች፣ ይህን ባሕር ዳር ላይ ተናግሬ አንድ ጓደኛዬ ሳምንት አኩርፎኛል።) ጣና ላይ ገዳማቱ አሉ፣ ዘጌ አለ፣ ታንኳው አለ፣ ፀሐይ ስትገባ ያለው ነገር ደግሞ በወሬ አይነገርም። ግን ትልቅ መሆኑ ዳሩን አያሰፋውም። ከተማው መሀል ላይ ወደቡ፣ መሥሪያ ቤቱ፣ መዝናኛውና ሎጁ በየተራ መጥተው ፊታቸውን ለሐይቁ፣ ጀርባቸውን ለከተማው ሰጥተው ተቀመጡ። ስሟ ባሕር ዳር ነው። ዳሩ ግን በየግቢው ተሸንሽኖ አልቋል።

ሐሰት እንዳልናገር፣ ማንጎ ፓርክ የሚባለው ነበረልን። ኪሳችን ባዶ ሲሆን እዚያ ነበር የምንውለው። በኮሪደር ልማቱም ሐይቅ ዳሩን ለእግረኛ የመክፈት ሥራ መጀመሩን ሰምቻለሁ፣ ፎቶውንም አይቻለሁ፣ እሰየው ነው። የሰፋ መንገድና የተተከለ መብራት ጥሩ ነው፤ እኔ ግን የማየው መንገዱ ስንት ሜትር ላይ ከውሃው እንደሚገናኝ፣ ስንት ሜትር ላይ ደግሞ ከግቢ ጀርባ እንደሚዞር ነው።

አሁን ሀዋሳ ኑ። ከገብርኤል አደባባይ ተነስታችሁ ቀጥ ብላችሁ ወደ ምዕራብ ሂዱ። አትታጠፉ። መንገዱ የሚያልቀው ሐይቁ ላይ ነው። ፍቅር ሐይቅ ይሉታል። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የከተማው ዋና ጎዳና ውሃው ላይ ሲያልቅ ጫፉን አጥሮ መሸጥ ይከብዳል፣ ሁሉም ያየዋል። ማታ ላይ እዚያ ያለው ሰው ብዛት! ኦቾሎኒ የሚሸጥ ልጅ፣ በቆሎ የምትጠብስ ሴት፣ ጀበና ይዛ የተቀመጠች፣ ፎቶ አንሺ፣ የተጣሉ ፍቅረኞች፣ ሚስቱን ሐኪም ቤት አስተኝቶ አየር ሊወስድ የወጣ ገበሬ። የመጨረሻውን አጠገቤ ተቀምጦ ነው ያወራሁት። ማንም «ምን ልታዘዝ?» አላለውም። የሁለት ሰዓት ንፋስ በነፃ ወስዶ ሄደ።

ጠዋት ደግሞ የአሣ ገበያው አሞራ ገደል አለላችሁ። እዚህ መግቢያ ትከፍላላችሁ፣ ግን ትንሽ ነው፣ ከከፈላችሁ በኋላም የፈለጋችሁበት ናችሁ። ጀልባዎቹ ሲመጡ ልጆቹ መረቡን ዘርግተው አሣውን ይለቅማሉ። አንዱ ልጅ ቆረሶ የሚባለውን አሣ በቢላ ሰንጥቆ የቆዳውን ጫፍ በጥርሱ ይነክስና በአንድ ጉተታ ይገፈዋል፣ ከዚያ እንትፍ ብሎ ቀጣዩን ያነሳል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች ዙሪያውን ቆመዋል፣ ጡረታ ሊቀበሉ የተሰለፉ ሽማግሌዎች ነው የሚመስሉት፣ ማንንም አያስቸኩሉም። ጥሬ አሣ በሚጥሚጣ የሚደፍር ይደፍራል። እኔ እስካሁን አልደፈርኩም፣ የሾርባው ሰው ነኝ።

ሀዋሳ ለምን እንዲህ ቀረላት ብዬ ጠይቄያለሁ። አንዱ ምክንያት የሚመስለኝ ሐይቁ ራሱ ነው። የሀዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣ የለም፣ ሲሞላ ወደ ከተማው ነው የሚመጣው። ይህን ለመከላከል የተሠራው ክትር ላይ ሰው መሄድ ለመደ። ጎርፍ የሚያሰጋው መሬት ላይ ደግሞ ማንም ቪላ ለመሥራት አይቸኩልም። ሌላው ሲዳማዎች ናቸው። የዘመን መለወጫቸው ፍቼ ጨምበላላ በሐይቁ አጠገብ ባለው ጉዱማሌ ነው የሚከበረው፣ በዓሉ በ2008 ዓ.ም በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በየዓመቱ ያን ያህል ሕዝብ የሚወርድበትን ቦታ ለማጠር ደፋር ባለሀብት ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ ሀዋሳን አላንቆለጳጵስም። ሪዞርቶቹ የያዙት ዳር ትንሽ አይደለም፣ በእግር ዞር ዞር ስትሉ አጥር ይገጥማችኋል፣ ከአምስት ዓመት በፊት የማልፍባት አንዲት ጠባብ መውረጃ ዘንድሮ በር ተሠርቶላታል። በሩ ላይ ሰውዬ ተቀምጧል። «የግል ነው» አለኝ። ቢሾፍቱ እንዲሁ ነው የጀመረችው። ባቦጋያ ሐይቋን ዛሬ ማየት የፈለገ ወይ ሎጅ ይገባል ወይ ሎጅ ያለው ዘመድ ይፈልጋል።

ደግሞ «ቢች» ስንል አሸዋና መዋኛ የሚጠብቅ ካለ ሁለቱም ከተማ ላይ አይልፋ። ቢልሃርዚያ ጣናም ሀዋሳም አለ፣ ዳር ዳሩ ላይ ቀንድ አውጣ ባለበት ውሃ ውስጥ እግርን ነክሮ መዋል አይመከርም። መዋኘት ያማረው ላንጋኖ ይሂድ፤ ውሃው ሻይ በወተት ይመስላል እንጂ ሰው በብዛት የሚዋኘው እዚያ ነው። ጣና ላይ እምቦጩም አለ። ስለዚህ እኔ የማወራው ስለ ዋና አይደለም። ስለ መቀመጥ፣ ስለ ማየት፣ እንደ እናቴ ላለው ሰው ደግሞ አንዴ እጅን ነክሮ ስለ ማውጣት ነው። (ለዚህችም ቢሆን ቢልሃርዚያ ጨርሶ አያሰጋም አልልም፣ እሱን ለሐኪሞች ልተወው።)

የባሕር በሩን ጉዳይ ለባለጉዳዮቹ ልተወው። የሐይቅ በር ግን የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው፣ ጦርም ዲፕሎማትም አይፈልግም። ለአንድ ሆቴል የሐይቅ ዳር ቦታ ሲሰጥ ውሃው ዳር ያለውን መተላለፊያ ለእግረኛ ትተዋለህ ብሎ ውሉ ላይ መጻፍ ስንት ብር ያስወጣል? ሆቴሉም አይጎዳም። በዚያ የሚያልፍ ሰው አንድ ቀን ብር ሲያገኝ ገብቶ ማኪያቶ ይጠጣል።

እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። አንድ ጋዜጠኛ ላኩልኝ። ባሕር ዳር ከወደቡ ተነስቶ አባይ ከጣና እስከሚወጣበት ድረስ የሐይቁን ዳር ይዞ በእግሩ ይሂድ። የጋዜጠኝነት መታወቂያውን አያሳይ፣ ምንም አይዘዝ። ስንት ቦታ ላይ ውሃውን እንደነካ፣ ስንት ቦታ ላይ «ለመጠቀም ነው?» እንደተባለ ቆጥሮ ይጻፍልን። በሀዋሳ በኩል እኔው በሚመጣው እሑድ ወጥቼ እቆጥርና እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከሀዋሳ