ለአርምሞ ጸሎትም ሰዓት ይመደብለት

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ካለፉት ዓመታት መካከል ሰው ከልቡ «ዘንድሮስ እፎይ አልን» ያለበትን መጥቀስ ያዳግታል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትንሣኤን ሚያዝያ 11 ቀን በየቤታችን ሆነን አከበርን፤ የወረርሽኙ ሥጋት ሳይለቀን በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ፤ እርሱም በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት ቢገታም በሌላው የአገሪቱ ክፍል የተኩስ ድምፅ አልጠፋም፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ደመወዝተኛው ወሩን እንዴት እንደሚያደርስ ሲያሰላ ያድራል። ይህ ሁሉ በጋዜጣችሁ በየጊዜው የሚጻፍ ስለሆነ አልደግመውም። ላነሣ የፈለግሁት፣ ክርስቲያኖች ነን የምንል ሰዎች ይህን ጭንቀት ተሸክመን ወደ ጸሎት ስንቀርብ፣ አባቶች አርምሞ የሚሉትን፣ በዝምታ የሚጸለየውን ጸሎት፣ ከሞላ ጎደል መርሳታችንን ነው።

የዛሬ ጸሎታችን በአብዛኛው ለጆሮ የሚሆን ነው። በግቢው የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ፣ በስልክ የሚተላለፈው የቀጥታ ስርጭት፣ በደጃፉ መዝሙር ከፍተው የሚሸጡት ነጋዴዎች፣ ጃንጥላ ዘርግተው ለሕንፃ ማሠሪያ የሚለምኑት ወገኖች በየፊናቸው ይጣራሉ። ከሥራ ሲመለስ ደጁን ተሳልሞ ከዛፍ ሥር ጥቂት ልቀመጥ የሚል ምእመን ልቡን የሚሰበስብበት ጸጥታ አያገኝም። ፕሮቴስታንት ወዳጆቼም የጥሞና ጊዜያቸውን ስልክ እየበላው እንደሆነ ያጫውቱኛልና ችግሩ የአንድ ወገን ብቻ አይመስለኝም።

የዝምታ ጸሎት ከውጭ የመጣ ልማድ የሚመስላቸው ሰዎች ያጋጥሙኛል። እነዚህን ሰዎች ወደ 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1 እመራቸዋለሁ። ሐና ልጅ በማጣቷ ታዝን፣ ጣውንቷም እያስቆጣች ታስለቅሳት ነበር፤ በሴሎ በእግዚአብሔር ፊት ቆማ ስትጸልይ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ ግን አይሰማም። ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። ይህን ጸሎት በውጭ ሆኖ የሚያይ፣ ካህንም ቢሆን፣ ሊሳሳት እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን። እኔን ዘወትር የሚደንቀኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሐና ነገሯን ከገለጠችለትና እርሱም «በሰላም ሂጂ» ብሎ ካሰናበታት በኋላ ሄዳ በላች፤ ፊቷም ከዚያ ወዲያ ያዘነ ሆኖ አልታየም። ሳሙኤል ግን ገና አልተፀነሰም፤ ጣውንቷም እዚያው ቤት ናት፤ ከጎረቤት ሐሜት፣ ከቤት ጭቅጭቅ አንዱም አልተነሣላትም። ሐና ምግብ ሊበላላት የቻለው የለመነችውን ከመቀበሏ በፊት፣ ነገሯን ለሚሰማት አስረክባ ከተነሣችበት ሰዓት ጀምሮ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለፊልጵስዩስ ሰዎች «በአንዳች አትጨነቁ» ሲል የጻፈው በእስራት ሆኖ ነው። አእምሮን ሁሉ የሚያልፈው የእግዚአብሔር ሰላም በሰንሰለት ላለ ሰው ከደረሰ፣ ኑሮ እስኪረክስና መንገዱ ሁሉ ሰላም እስኪሆን ድረስ የሚዘገይበት ምክንያት አይታየኝም።

አጸላለዩ ረቂቅ ትምህርት አይጠይቅም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያለው ቀራጭ «አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» ከማለት በቀር ያለው ነገር የለም። ይህን ቃል ወይም ከልጅነታችን የምናውቀውን «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በልብ፣ ሳይቸኩሉ፣ ትንፋሽን ተከትሎ መደጋገም ይቻላል፤ እጅ ሥራ እንዲይዝ ከፈለገም ባለ 41 ፍሬው መቁጠሪያ አለ። ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። የቤት ኪራይ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ኔትወርክ በሌለበት ያለው ወንድም ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣሉ፤ እንዲያውም አፍ ሲዘጋ የጭንቀቱ ጩኸት የባሰ ስለሚሰማ ብዙ ሰው «ለእኔ አይሆነኝም» ብሎ የሚተወው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። እዚህ ላይ ከሐሳቡ ጋር መሟገት ትርፍ የለውም። ወንድሙ ትዝ ያለው ሰው «ማረኝ» ይል የነበረውን «ማረው» ብሎ ቢቀጥል ሐሳቡ ራሱ ጸሎት ይሆንለታል። የቀረው ትዕግሥት ነው፤ ጀበናው ከምድጃ ወርዶ እስኪሰክን ማንም ቡና አይቀዳም። ሰዓቱን ከመረጥን፣ ጧት ስልክ ሳይነካና ወሬ ሳይሰማ በፊት ያለውን የሚያህል የለም።

«ቤተ ክርስቲያናችን የዜማ ቤት ናት፤ ዝምታን ምን አመጣው?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ዜማውን ያስተማረን ቅዱስ ያሬድ፣ ገድሉ እንደሚተርከው፣ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ከተመስጦው የተነሣ የንጉሡ ጦር እግሩን ሲወጋው አልተሰማውም፤ በምትኩ የፈለገውን እንዲጠይቅ በተፈቀደለት ጊዜም የለመነው ከቤተ መንግሥት እንዲሰናበት ነበር፤ ዕድሜውንም በሰሜን ተራሮች በብሕትውና ፈጸመ። በቅዳሴውም ቢሆን ካህኑ በለሆሳስ የሚያደርሳቸው ጸሎቶች አሉ፤ የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ ከሚሰጥባቸው ጉባኤያትም አንዱ እነማር ይስሐቅን የመሰሉ የጥንት መነኮሳት ስለ አርምሞና ስለ ልብ ንጽሕና ያስተማሩት የሚተረጐምበት የመነኮሳት ጉባኤ ነው። ይህ ሀብት ከገዳም ወጥቶ አውቶቡስ ተሰልፎ ለሚጠብቀው ሠራተኛ ይድረሰው ነው የምለው።

አንድ ነገር ግን ሳልለይ ማለፍ አልፈልግም። እንቅልፍ ያጣ፣ ሥራውን መሥራት ያቃተው፣ ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው ሕክምና ያስፈልገዋል፤ «ጸሎትህ ስላነሰ ነው» ማለት በቁስሉ ላይ ቁስል መጨመር ነው። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያዝዛል፤ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን ይነግረናል።

ስለዚህ የየአጥቢያው አስተዳዳሪዎችና ሰበካ ጉባኤያት በሥራ ቀናት ቢያንስ አንድ ሰዓት ለዝምታ ጸሎት እንዲመድቡ እጠይቃለሁ። ቀትር ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱ ከመሆኑም በላይ ለብዙው ሠራተኛ የምሳ ዕረፍት ስለሆነ የሚስማማ ይመስለኛል፤ በጾም ወቅት ቅዳሴው በዚያን ሰዓት ገደማ ስለሚሆን እንደየደብሩ ማዛወር ይቻላል። በዚያ ሰዓት ድምፅ ማጉያው ይዘጋ፤ በደጃፍ ያሉ ነጋዴዎች መዝሙሩን እንዲቀንሱ በትሕትና ይነገራቸው፤ ከሰንበት ተማሪዎችም አንድ ሁለቱ በር ላይ ቆመው ለሚገባው ሰው ስልኩን እንዲያጠፋ ያስታውሱት። በጀት የሚጠይቅ ነገር የለበትም። እንዲህ ያለውን ሥርዓት አስቀድሞ የጀመረ ደብር ካለ ደግሞ፣ ሰዓቱን እንዴት እንዳመቻቸና ምእመናኑ እንዴት እንደተቀበሉት አስተዳዳሪው በዚሁ ዓምድ ቢገልጹልን፣ የእኛም ሰበካ ጉባኤ በሚቀጥለው ስብሰባው እንዲያየው ጽሑፉን ቆርጬ አቀርብ ነበር።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ