መድኃኒቱ መጣ፤ ክትትሉስ? ለጤና ሚኒስቴር ከጅማ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የጤና ሚኒስቴር የሥራ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ ጎሼ የሚባል በሽታ አለበት። በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥሩ የሚሰጠው መድኃኒት፣ ማለትም ሰውነቱ ያነሰው ኢንዛይም፣ በእርዳታ ይመጣለታል። እግዜር ይስጥልን፤ በራሳችን ቢሆን ቤታችንን ሸጠንም አንችለውም ነበር።

የምጽፈው ግን ለምስጋና ብቻ አይደለም። በቅርቡ የግራ ዳሌውን ማመም ሲጀምረው ኤምአርአይ እንዲታዘዝለት አንድ ቢሮ ጠየቅን። «መድኃኒቱን እያገኘ አይደል እንዴ? ታዲያ ምን ጎደለ?» ተባልን። የጎደለውን ልንገራችሁ።

እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ለሌላው አንባቢ ያህል፣ ጎሼ ከወላጆች የሚወረስ ነው። ግሉኮሴሬብሮሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም ያንስና አንድ የቅባት ዓይነት ሳይፈጭ ይቀራል። ቅባቱ ያረጁ የደም ሴሎችን እየዋጡ በሚያጸዱ ሴሎች ውስጥ ይከማቻል። እነሱ ደግሞ ጣፊያን፣ ጉበትንና መቅኒን ይሞላሉ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፊሊፕ ጎሼ በሽታውን የጻፈው በ1882 እ.ኤ.አ. ነው። የመጀመሪያው ኢንዛይም አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ግን በ1991 እ.ኤ.አ. ነው።

መድኃኒቱ ይሠራል፣ አልክድም። የወንድሜ ሆድ ጎድሏል። ደሙ ተስተካክሏል። ነስሩም ቆሟል። ባጃጅ ሲሳፈር ግን ቀኝ እግሩን በሁለት እጁ ከጉልበቱ በላይ ይዞ፣ አንስቶ ነው የሚያስገባው። የሰፈራችን ሾፌሮች ስለለመዱት ሞተር አጥፍተው ይጠብቁታል።

ኢንዛይሙ የሚያጸዳው የተከማቸውን ቅባት ነው። ጠባሳ አያነሳም። ደም አጥቶ የሞተ የዳሌ አጥንትም አይመልስም። የወንድሜ ቀኝ ዳሌ የሞተው መድኃኒቱ ከመምጣቱ በፊት ነው። የግራው ገና ከሆነ አሁን ነው መታየት ያለበት፤ ጅምሩን ራጅ ላያሳየው ይችላል፣ ኤምአርአይ ግን ያሳያል።

ጣፊያ ውስጥ የሚበቅሉ እብጠቶችም አንዳንዴ ከነመጠናቸው ይከርማሉ። ብዙም የማይወራለት ደግሞ የንፍፊቱ ነገር ነው። በተለይ ነርቭ የሚነካው 3ኛው ዓይነት ያለባቸው አንዳንድ ልጆች፣ መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰዱ ሆዳቸው ውስጥ ያለው ንፍፊት ያድጋል። የአንጀትን የሊምፍ መስመር ሲዘጋ ፕሮቲን ከሰገራ ጋር ይወጣል። እግር ያብጣል፤ ሆድ ውኃ ይቋጥራል። ይህ ሁሉ ሄሞግሎቢኑም ፕሌትሌቱም ደህና ሆኖ ሳለ ሊመጣ ይችላል! የደም ውጤት ብቻ ያየ ሰው «ምንም የለብህም» ብሎ ይሸኛል። የጣፊያው እብጠትም ሆነ ንፍፊቱ ካንሰር ሊመስልም፣ ካንሰር ሊሆንም ይችላል። ሳያዩ በግምት አይሆንም።

ስለዚህ ኢንዛይም የሚወስድ ታካሚ ሁሉ የታወቀ የክትትል ፕሮግራም ይኑረው። የሆድ አልትራሳውንድ፣ የዳሌና የአከርካሪ ኤምአርአይ በቤተሰብ ልመና ሳይሆን በቀጠሮ ይሁን። የአጥንት ሐኪም፣ የሕመም ማስታገሻና ፊዚዮቴራፒም ከመድኃኒቱ ጋር አብረው ይታሰቡ። የሚቻለው ሁሉ ደግሞ እዚሁ ጅማ ይሠራ። ዳሌው ለታመመ ሰው ከዚህ አዲስ አበባ ድረስ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ አውቶቡስ ላይ መቀመጥ ራሱን የቻለ ስቃይ ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን ሳይዘገይ ማወቅ ነው፤ ጠባሳውን የሚያመጣው መዘግየቱ ነውና። እኛ አካባቢ ጣፊያው ያበጠ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ ወባ ይታሰባል፣ ካላዛርም ይታሰባል። ልክ ነው። ግን ታክሞ ጣፊያው አልጎድል ሲልስ? አንዳንዴ «ይውጣ» ይባላል። ጎሼ ከሆነ ጣፊያውን ማውጣት በሽታውን አያጠፋውም፤ አጥንቱ ላይ ሊያብስበትም ይችላል። ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት ኢንዛይሙ ይለካ። ለመጀመሪያው ምርመራ በማጣሪያ ወረቀት ላይ የደረቀ ጥቂት የደም ጠብታ ይበቃል፤ በፖስታም ይላካል። ወረቀቱ በየሪፈራል ሆስፒታሉ እንዲኖር፣ የት እንደሚላክም ለሐኪሞቹ በመመሪያ እንዲነገራቸው እንጠይቃለን።

ምላሻችሁን በጽሑፍ ብታደርጉልን ለሌሎች ታካሚ ቤተሰቦችም እናደርሰዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ ታካሚ እህት፣ ጅማ