መቅደላ የአንድ ቀን አምባ አይደለችም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሚያዝያ 6 በደረሰ ቁጥር ስለ መቅደላ የምታወጡትን ሳላነብ አላልፍም። የዐፄ ቴዎድሮስን መሥዋዕትነት መዘከራችሁ ተገቢ ነው። ነገር ግን አምባዋ ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም ነበረች፤ ታሪኳ ሁሉ ወደ አንዲት የሽጉጥ ጥይት ሲጠቀለል ማየት እኛን ወሎዬዎችን ያሳዝነናል።

ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሲይዟት መቅደላ የወሎ ባላባቶች ምሽግ ነበረች። ዙሪያዋ ገደል ነው፤ የሚገባባትም እንደ ኮኬት በር ባሉ ጠባብ በሮች ነው። ጠላት በቀላሉ አይገባባትም፤ አንዴ የገባም እንደ ልቡ አይወጣም። ንጉሡ ይህን ዐይተው ይመስለኛል ምሽጓን ግምጃ ቤትም እስር ቤትም ያደረጓት። ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደርና ከሌሎች አድባራት የሰበሰቧቸው የብራና መጻሕፍትም የተከማቹት እዚያው ነው።

ከሁሉ የሚረሳው እስር ቤትነቷ ነው። የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን መታሰሩን የማያውቅ የለም፤ ጦርነቱም የመጣው በእሱና በባልደረቦቹ ሰበብ ነው። የአገሪቱ ጳጳስ የነበሩት አቡነ ሰላማ እዚያው እንደታሰሩ ማረፋቸውን ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ምኒልክ በልጅነታቸው ተይዘው ያደጉት መቅደላ ላይ ነው፤ በ1857 ዓ.ም. አመለጡ። ሲያመልጡ የተቀበለቻቸው የወሎዋ ገዥ ወርቂት ናት። ልጇ በቴዎድሮስ እጅ ነበር፤ ንጉሡ በብስጭት አስገደሉት። ለእንግዳ በሯን ከፍታ ልጇን የከፈለች እናት ታሪክ በክልላችን ትምህርት ቤቶች በስፋት ሊነገር ይገባ ነበር። በመጨረሻዎቹ ቀናትም ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞች ወደ ገደል ተወርውረዋል። ይህን መናገር የቴዎድሮስን ክብር አይቀንስም፤ የሟቾቹንም ነፍስ ማሰብ ግን ግዴታችን ነው።

ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ይህ መድፍ ደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት ከተሠራ በኋላ የበሽሎን ሸለቆ ቁልቁል ወርዶ ዳገቱን የወጣው በሰው ጉልበት ነው። ሠራዊቱ መንገድ እየጠረገ፣ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ከደብረ ታቦር መቅደላ ለመድረስ ወራት ፈጅቷል። ቁልቁለቱን ለሚያውቅ ሰው ይህ ብቻውን ከብዙ ድል ይበልጣል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም በቁጭት እናውቀዋለን። በስቅለት ዕለት ከአምባዋ ሥር፣ አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ ጦርነት ሆነ፤ በፋሲካ ማግስት ንጉሡ ራሳቸውን ሰዉ። የእንግሊዝ ጦር አምባዋን ዘርፎ አቃጠላት። ዝርፊያው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወጣ፤ ጨረታ የወጣበትም እዚሁ ወሎ፣ ደላንታ ሜዳ ላይ ነው። ወደ 350 የሚሆኑት የብራና መጻሕፍት ዛሬም ለንደን ናቸው።

ታሪኳ ግን በዚህ አላበቃም። ከሰገሌ ጦርነት በኋላ፣ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን የተሻሩት ልጅ ኢያሱ መቅደላ ገብተው ተከበው ወራት ቆዩ፤ ክረምት ሲገባ ከበባውን ሾልከው ወጡ። ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎ እንኳ ያ ገደል መሸሸጊያነቱን አላጣም ነበር። ይህ ጉዳይ ከሚያዝያ 6 ዝክር ጋር ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ በየበሩ፣ በመድኃኔ ዓለም ቦታ፣ እስረኞቹ በተወረወሩበት ገደል አፋፍና በሴባስቶፖል አጠገብ በአማርኛ የሚነበብ ሰሌዳ ያቁም፤ የሚያስጎበኙትም የአካባቢው ወጣቶች ይሁኑ፤ ሥልጠናም ይሰጣቸው፤ ከጎብኚው የሚገኘው ገቢም ለእነሱ ይድረስ። እናንተም በመጪው ሚያዝያ ከቴዎድሮስ ጎን ለወርቂት፣ ለአቡነ ሰላማና ለልጅ ኢያሱ አንድ አንድ ገጽ ስጡ። የተንታና የደላንታ ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው የሰሙት አለ፤ ሳያመልጧችሁ ሄዳችሁ ጠይቋቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ
ከደሴ