የልጆቻችን ምሳ በባዮጋዝ ይብሰል፦ ግልጽ ደብዳቤ ለአዲስ አበባ ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ በመሐል አዲስ አበባ በትምህርት ቤት ማዕድ ቤቶችና በጋራ ግቢዎች የባዮጋዝ ማብላያ እንዲገነባ ስለመጠየቅ

ክብርት ከንቲባ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በገጠር የባዮጋዝ ማብላያ፣ ማለትም እበትና ትርፍራፊ ተብላልቶ የማብሰያ ጋዝ የሚወጣበትን ጉድጓድ፣ በመገንባት ነው። የምኖረው ግን እዚሁ አራዳ ክፍለ ከተማ፣ መጸዳጃውም ማዕድ ቤቱም የጋራ በሆነበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ የሁለቱ ልዩነት ነው። ገጠር ያለው ገበሬ እበቱን እሳት ያደርገዋል፤ እኛ መሐል ከተማ ያለነው ደግሞ እሳት የሚሆነውን በየቀኑ በመኪና አስጭነን እንጥልና ከሰል እንገዛለን።

ከተማችን ከምትጥለው ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው፤ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የቡና አተላ። የቆሻሻ ክምር ምን እንደሚያደርስ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ቆሼ ላይ አይተናል፤ ከመቶ በላይ ወገኖቻችንን ቀብረናል። ከዚያ በኋላ ረጲ ላይ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል። ነገር ግን ርጥብ ቆሻሻ ለማቃጠል አይመችም፤ ከሙቀቱ ብዙው የያዘውን ውሃ በማትነን ያልቃል። ለባዮጋዝ ግን ተመራጩ እሱ ነው። ርጥቡ ተለይቶ ቢወጣ ለማቃጠያውም እፎይታ ነው።

አሠራሩ የተወሳሰበ አይደለም። አየር በማይገባበት ጉድጓድ ውስጥ፣ በላም ጨጓራ ውስጥ እንደሚሆነው ሁሉ፣ ተሕዋስያን የገባላቸውን ያብላላሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ከ50 እስከ 70 በመቶው ሚቴን ነው። አንድ ሜትር ኩብ ባዮጋዝ ወደ ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ ቡታ ጋዝን ይተካል። ነበልባሉ ሰማያዊ ነው፣ ድስት አያጠቁርም፣ ዓይን አያስለቅስም።

ሀገራችን በዚህ ረገድ ጀማሪ አይደለችም። በ2001 ዓ.ም የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ በሺዎች የሚቆጠሩ ማብላያዎችን አስገንብቷል። ይሁን እንጂ ያ ፕሮግራም የታሰበው ቢያንስ አራት ከብት፣ በቂ ውሃና ሰፊ ጓሮ ላለው ቤተሰብ ነው። ያንን ንድፍ እንዳለ ወደ ፒያሳ ወይም ወደ ተክለ ሃይማኖት ማምጣት አይቻልም፤ ከብቱም ጓሮውም የለም። እዚህ ያለው ሌላ ነው፤ ብዙ ሰው በአንድ ቦታ ይበላል፣ ብዙ ሰው በአንድ መጸዳጃ ይጠቀማል። ስለዚህ የመሐል ከተማ ባዮጋዝ ከተናጠል ቤት ሳይሆን ከጋራ ማዕድ ቤት መጀመር አለበት እላለሁ፤ የመጀመሪያውም ቦታ የተማሪዎች ምገባ የሚካሄድበት ትምህርት ቤት ነው።

በቅርብ የማውቀው አንድ ማዕድ ቤት አለ። መጋቢ እናቶቹ ገና ጎህ ሳይቀድ ይመጣሉ። ማገዶው ክረምት ላይ እርጥብ ስለሚሆን ከመንደዱ በፊት ብዙ ይጨሳል፤ አንዷ ወጡን ስታማስል ሌላዋ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች እሳቱን ታራግባለች። ከማዕድ ቤቱ በስተጀርባ፣ በጥቂት እርምጃ ርቀት፣ የልጣጩና የትርፍራፊው በርሜል ይቆማል፤ ከእሱ አለፍ ብሎ የተማሪዎቹ መጸዳጃ አለ። ለአንድ ግንበኛ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ጥሬ ዕቃው፣ ምድጃውና መሬቱ በአንድ አጥር ውስጥ ናቸው።

ምን ያህል ጋዝ ይገኛል? በቀን 50 ኪሎ ልጣጭና ትርፍራፊ የሚያወጣ ማዕድ ቤት፣ ማብላያው በደንብ ከተያዘ፣ ሦስት ሜትር ኩብ ገደማ ጋዝ ሊያገኝ ይችላል። አንድ ተራ የባዮጋዝ ምድጃ በሰዓት ከ0.3 እስከ 0.4 ሜትር ኩብ ስለሚያነድድ፣ ይህ ለስምንት ሰዓት ያህል ይበቃል ማለት ነው። ለመቶዎች የሚበቃ ድስት ግን ትልቅ ምድጃ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ጋዙ የቀኑን ማብሰያ በሙሉ ይሸፍናል ብዬ አላታልልዎትም። የጠዋቱን ሻይና የምሳውን ከፊል ይችላል፤ የቀረውን ኤሌክትሪክ ይሙላው። እንጀራውንም ለኤሌክትሪክ ምጣድ መተው ይሻላል፤ የባዮጋዝ ነበልባል በሰፊ የሸክላ ምጣድ ሥር እኩል ለመዳረስ ይቸገራል።

የመኖሪያ ግቢዎቹ ከዚህ ይከተላሉ። በአንድ ሰው መጸዳጃ አጠቃቀም በቀን የሚገኘው ጋዝ ከ0.02 እስከ 0.03 ሜትር ኩብ ብቻ ነው፤ አርባ ሰው የሚኖርበት ግቢ ከመጸዳጃው ብቻ አንድ ሜትር ኩብ ገደማ ያገኛል። ይህ የግቢውን ቡና ያፈላል እንጂ የሁሉንም ወጥ አይሠራም። የየቤቱ ልጣጭና የምግብ ትራፊ ሲጨመርበት ግን ሁኔታው ይለወጣል። ደረቅ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ማኅበራት አሁንም በር ለበር ይዞራሉ፤ ርጥቡን ለብቻ ተቀብለው ወደ ማብላያው ቢያመጡ ተጨማሪ ሥራ ይሆንላቸዋል። ናይሮቢ፣ ኪቤራ ውስጥ ከጋራ መጸዳጃ በሚወጣ ጋዝ ሰፈርተኛው ያበስላል። ሩዋንዳም በእስር ቤቶቿ ተጠቅማበታለች።

«ከመጸዳጃ በወጣ እሳት የበሰለ እንዴት ይበላል?» የሚለውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ በደረስኩበት ሁሉ ሰምቼዋለሁ፤ ሊናቅም አይገባም። መልሱ ምድጃውን ለኩሶ ማሳየት ነው። ጋዙ ሲነድድ ሽታ የለውም፤ ሳይነድድ የሚሸት ከሆነ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነውና ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ገጠር ያመነቱ እናቶች ጀበናውን የጣዱት ጎረቤታቸው ስትጥድ ካዩ በኋላ ነው።

ስለ መብራት ብዙ አልልም። የባዮጋዝ መብራት እንደ ማሾ ያለ ነው፤ በሰዓት ከ0.1 እስከ 0.15 ሜትር ኩብ ጋዝ ይበላል፣ የሚሰጠው ብርሃን ግን መጠነኛ ነው። ኤሌክትሪክ ላልደረሰው ገጠር በረከት ነው። መሐል አዲስ አበባ ግን መብራት ለሚጠፋበት ምሽት አንድ በማዕድ ቤቱ ማንጠልጠል ይበቃል፤ ጋዙ ለድስት ይቆጠብ።

ሁለት ነገሮች ግን ከወዲሁ ካልታሰበባቸው ገንዘቡ ይባክናል። አንደኛው ብርዱ ነው። ተሕዋስያኑ በ35 ዲግሪ አካባቢ ነው በደንብ የሚሠሩት፤ የአዲስ አበባ አማካይ ሙቀት ግን 16 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ማብላያው ከመሬት በታች መቀበር፣ ለሞቃታማዋ አዳማ ከሚሠራውም መስፋት አለበት፤ የሌላ ቦታ ንድፍ ተገልብጦ ከመጣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጋዙ ይመነምናል። ሁለተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚብሰው፣ የባለቤት ጉዳይ ነው። በገጠር ከተገነቡት ማብላያዎች ቀላል የማይባል ቁጥር ሥራ አቁሟል፤ ምክንያቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ጋዙ ቧንቧ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይቋጥራል፤ ውሃው ካልተለቀቀ እሳቱ መንተባተብ ይጀምራል፤ ያላወቀ ሰው «ተበላሸ» ብሎ ወደ ማገዶው ይመለሳል። የውሃ ማስወገጃውን መክፈት ግን ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መጸዳጃን በበረኪና ማጠብም እንዲሁ ነው። የጽዳት ሠራተኛው በቅንነት የሚያፈስሰው በረኪና ተሕዋስያኑን ይገድልና ምድጃው ለሳምንታት ይዳከማል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ፣ ደመወዙ በበጀት የተያዘ ሰው በየማብላያው ያስፈልጋል። ማንም ሰው ጉድጓዱ ውስጥ እንዳይገባም ጥብቅ መመሪያ ይውጣ፤ ውስጡ ያለው ጋዝ ትንፋሽ አሳጥቶ ይገድላል።

የሚተርፈው ዝቃጭ ማዳበሪያ ነው። ከመጸዳጃ ጋር የተያያዘ ከሆነ በደንብ ሳይብላላና ሳይከርም ጥሬውን ለሚበላ አትክልት አይሁን፤ በኮሪደር ልማቱ ለተተከሉት ዛፎችና አበቦች ግን ይጠቅማል።

ክብርት ከንቲባ፣ የምጠይቅዎ ትልቅ ፕሮጀክት አይደለም። በአራዳ፣ በልደታና በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተሞች አንድ አንድ ትምህርት ቤት ይመረጥ። ማብላያው ለከተማዋ ብርድ ተለክቶ ይሠራ፤ የጋዝ ቆጣሪ ይገጠምለት፤ በየቀኑ የገባው ትርፍራፊ፣ የወጣው ጋዝና በጋዙ የተተካው ማገዶ በመዝገብ ይያዝ። ከአንድ ዓመት በኋላ መዝገቡ፣ ውጤቱ ደካማ ቢሆንም እንኳ፣ ለሕዝብ ይፋ ይሁን። ከዚያ በኋላ ነው ስለ መኖሪያ ግቢዎችና ስለሚገነቡት አዳዲስ ቤቶች መወሰን የሚቻለው። አዲስ የሚሠሩት የትምህርት ቤት ማዕድ ቤቶች ግን ከአሁኑ ለማብላያ የሚሆን ቦታና የቧንቧ መስመር በንድፋቸው ይያዝላቸው፤ ግድግዳ ከቆመ በኋላ ማፍረስ ወጪው ብዙ ነው።

ለቁፋሮ የሚመቸው ጊዜ ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ነው። የቦታ መረጣውና ንድፉ እስከዚያ ሊያልቁ ይችላሉ። ለዚህ ሥራ በተጠራሁበት ቀን ውሃ ልኬንና የግንበኛ ማንኪያዬን ይዤ እመጣለሁ፤ ወጣት ግንበኞችንም አሠለጥናለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የባዮጋዝ ግንበኛ፣ ከአራዳ ክፍለ ከተማ