ቡናችሁ ለምን ዘገየ? ከአንትወርፕ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ለገና ያዘዛችሁት ጥሬ ቡና ዘግይቷል። ብዙዎቻችሁ ደውላችኋል፣ የተቆጣችሁም አላችሁ። ቁጣችሁ ይገባናል። ኮንቴይነሩ አንትወርፕ ከደረሰ ሰንብቷል፤ ጉምሩክ ለፍተሻ መርጦት ነው ወደብ ላይ የቆመው። አሁን ተለቋል፤ ጆንያዎቹም መጋዘናችን ገብተዋል።

«ጉምሩክ ያዘው» ብለን ብቻ ልናልፈው ግን አልፈለግንም። አንዲት እናት ደውለው «የይርጋጨፌ ቡና ምን ወንጀል ሠራና ነው የሚታሰረው?» ብለው ጠይቀውናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርገን እንጽፋለን።

ቡናው ምንም የለበትም። ጣጣው ያለው በሚገባበት በር ላይ ነው። አንትወርፕ በአውሮፓ ከሮተርዳም ቀጥሎ ትልቁ ወደብ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣው ኮኬይንም ይህንኑ በር ይመርጣል። የቤልጂየም ጉምሩክ በ2023 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው) እዚህ ወደብ ላይ የያዘው ኮኬይን 116 ቶን ነው። አንድ ሙሉ የቡና ኮንቴይነር 320 ጆንያ፣ ማለትም 19 ቶን ከ200 ኪሎ ይይዛል። እንዲህ ያሉ ስድስት ኮንቴይነሮች በኮኬይን ጢም ብለው ሲሞሉ አስቡት። ይህ እንግዲህ የተያዘው ብቻ ነው።

ዕፁ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በሰው ዕቃ ላይ ተደብቆ ነው። ኢኳዶር ውስጥ ጓያኪል ወደብ ላይ ሙዝ የተጫነ ኮንቴይነር ይቆማል። ማታ አንድ ሰው ፕሎምፑን (በሩ የታሸገበትን ባለ ቁጥር ማኅተም) ይሰብርና ከበሩ ጀርባ ሻንጣዎች ያስቀምጣል። ከዚያ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ሐሰተኛ ፕሎምፕ ያስርበታል። ሙዙን የላከውም የሚቀበለውም የሚያውቀው ነገር የለም። መርከቡ እዚህ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ቡድን ሻንጣዎቹን ያወጣል።

ቡናም ከዚህ አልተረፈም። በ2022 ግንቦት ላይ ስዊዘርላንድ፣ ሮሞን ከተማ ባለው የኔስፕሬሶ ፋብሪካ ሠራተኞች ከብራዚል የመጣ ቡና ሲያራግፉ ጆንያ ውስጥ ነጭ ዱቄት አገኙ። ፖሊስ ሲፈትሽ ከ500 ኪሎ በላይ ኮኬይን ሆኖ ተገኘ። የእኛ ቡና ከብራዚል አይመጣም፤ በጂቡቲ በኩል ነው የሚጫነው። ግን እሱም በጆንያ የታሸገ ቡና ነው፣ መንገድ ላይም መርከብ ይቀይራል። ፈታሹ «የኢትዮጵያ ነው» ስንለው ዝም ብሎ እንዲያሳልፈን አንጠብቅም።

ሙሉ ጆንያ የምትወስዱ ምግብ ቤቶች አንዳንዱ ጆንያ ላይ ትንሽ ቀዳዳ፣ በላዩም የተለጠፈ ፕላስተር ታያላችሁ። ናሙና የተወሰደበት ነው። ቡናው አልተነካካም፤ እያንዳንዱን ጆንያ መዝነን ነው የተረከብነው።

ኮንቴይነር መጋዘናችን ሲደርስ ምን እንደምናደርግም እወቁልን። መጀመሪያ በሩን አንነካም። ፕሎምፑ ላይ ያለውን ቁጥር ቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) ላይ ካለው ጋር አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ያመሳክራል። ፕሎምፑን ዙሪያውን ፎቶ እናነሳለን፣ ተሰብሮ የተጣበቀ መሆን አለመሆኑንም በጣታችን እንዳስሳለን። ከዚያ ነው በመቁረጫ የምንቆርጠው። በሩ ሲከፈት ከጆንያዎቹ ፊት የእኛ ያልሆነ ቦርሳ ቢገኝ ማንም እንዳይነካው ተስማምተናል። በሩን መልሰን ዘግተን ፖሊስ እንጠራለን።

ብዙዎቻችሁን ያስቀየመው ሌላው ነገር፣ መጋዘን መጥታችሁ ቡና መውሰድ መከልከላችን ነው። ምክንያቱ ይህ ነው። ሌቦቹ ዕፁን ወደብ ላይ ሳያወጡት ኮንቴይነሩ ሲያመልጣቸው፣ ተከትለው የተቀባዩን መጋዘን ይሰብራሉ። በዚህ አገርም በሆላንድም ምንም የማያውቁ የፍራፍሬ ነጋዴዎች ላይ ደርሷል። እኛ መጋዘን ውስጥ ማታ የሚያድሩ ሠራተኞች አሉን። ስለዚህ የመጋዘኑን አድራሻ በየቡድኑ ቴሌግራም ላይ አትለጥፉብን። ዕቃውን እኛው እናደርስላችኋለን።

«የአጎቴ ልጅ ቫን አለው፣ ወደብ ሄዶ ያውጣልን» ያላችሁንም አልረሳናችሁም። ድሮ ቢሆን ሊሞከር ይችል ነበር። አንድ ኮንቴይነር የሚወጣው በፒን ኮድ ነበር፤ ኮዱም ከመርከብ ድርጅት ወደ ትራንዚተር፣ ከትራንዚተር ወደ ሾፌር በኢሜይል ይንከባለል ነበር። ኮዱን የያዘ ሰው ኮንቴይነሩን ይጭናል። ወንበዴዎቹ ይህን አወቁና ኮድ መግዛት ጀመሩ። የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ድርጅት ዩሮፖል በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዚህ መንገድ ብቻ በአንትወርፕና በሮተርዳም ቢያንስ 200 ቶን ኮኬይን እንዳለፈ ገምቷል። ዛሬ ኮዱ በሌላ ዘዴ እየተተካ ነው። የትኛው ድርጅት፣ በየትኛው ሾፌር፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚያነሳ አስቀድሞ ይመዘገባል። የአጎት ልጅ በሩን አያልፍም።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ቁጥጥር አሁን ከየት መጣ?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ ከወደቡ አጥር ወጥቶ ቤተ መንግሥት ስለደረሰ ነው። በ2022 መስከረም የቤልጂየም የፍትሕ ሚኒስትር የነበሩትን ቪንሰንት ቫን ክዊከንቦርንን አፍኖ ለመውሰድ የተጠነሰሰ ሴራ ተደረሰበት። ቤታቸው አጠገብ በቆመ መኪና ውስጥ ክላሽንኮቭ ተገኘ። አንድ የፍትሕ ሚኒስትር ቤቱን ጥሎ ተደብቆ ለመኖር ተገደደ። በ2023 ጥር ደግሞ እዚሁ አንትወርፕ፣ መርክሰም ውስጥ፣ አንድ ቤት ላይ በተተኮሰ ጥይት የ11 ዓመት ልጅ ሞተች። ደንበኞቻችን የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ያን ሳምንት ቡና ስናደርስ ሰው ሁሉ ልጆቹን ከደጅ አስገብቶ ነበር። በቀጣዩ ወር መንግሥት ኢነ ቫን ዋይመርስን ብሔራዊ የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽነር አድርጎ ሾመ። ለዓመታት የከተማችን ከንቲባ ሆነው በዕፅ ነጋዴዎች ላይ ጦርነት ያወጁት ባርት ዴ ዌቨር ደግሞ በ2025 የካቲት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ሆላንድም ከዚህ አልተሻለም። ስለ ወንጀለኞቹ ሲዘግብ የኖረው ጋዜጠኛ ፔተር ኤር ዴ ፍሪስ በ2021 አምስተርዳም መሐል ተተኩሶበት ሞተ። በ2022 የሆላንድ አልጋ ወራሽ ልዕልት አማሊያ ለደኅንነቷ ሲባል ከተማሪ ቤቷ ወጥታ ወደ ቤተሰቦቿ ተመለሰች።

ሙዙ የሚጫንበት አገር የደረሰበትን ግን ከሁሉ በላይ እናዝንበታለን። ኢኳዶር የአካባቢው ሰላማዊ አገር ተብላ ትጠራ ነበር። በ2023 ነሐሴ ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደሩ የነበሩት ፈርናንዶ ቪያቪሴንሲዮ ከምርጫ ቅስቀሳ ሲወጡ ተገደሉ። በ2024 ጥር ታጣቂዎች ጓያኪል ውስጥ የቴሌቪዥን ጣቢያ በቀጥታ ስርጭት ላይ ሳለ ወረሩ፤ ፕሬዚዳንት ዳንኤል ኖቦዋም አገሪቱ «የውስጥ የትጥቅ ግጭት» ውስጥ ናት ብለው አወጁ። እዚህ ቅዳሜ ማታ በአፍንጫ የሚሳበው ነገር እዚያ አገር ያፈርሳል።

በ2024 አንትወርፕ ላይ የተያዘው ወደ 44 ቶን ወርዷል። ደስ ያላቸው ፖለቲከኞች ነበሩ። እኛ ግን ንግዱ ቀነሰ ብለን አናምንም። ትንንሽ ወደቦች አሉ፣ ሌላ ጀልባ እንዲያነሳው ጭነቱን ባሕር ላይ መጣል አለ፣ ኮኬይኑን ሌላ ዕቃ ውስጥ አሟሙቶ ማሳለፍም አለ። በ2025 ጥቅምት አንትወርፕ የሚሠሩ አንድ መርማሪ ዳኛ ስማቸውን ሳይገልጹ ግልጽ ደብዳቤ አውጥተው፣ ቤልጂየም በዕፅ ገንዘብ የምትገዛ አገር ወደ መሆን እየሄደች ነው ብለው አስጠነቀቁ። እሳቸውም ለወራት ተደብቀው ኖረዋል።

አሁን ወደ እኛው እንምጣ። ስትደውሉ «ወደብ ላይ ሰው ካላችሁ ቶሎ አስጨርሱት» ያላችሁን አላችሁ። ክፋት አስባችሁ እንዳልሆነ እናውቃለን። ግን ሰው የለንም፣ እንዲኖረንም አንፈልግም። የወደብ ሠራተኛ ላይ መጥፎው ነገር የሚጀምረው በትንሽ ውለታ ነው። መጀመሪያ አንድ ኮንቴይነር የት እንደቆመ እንዲያይ ብቻ ይጠየቃል፤ ለዚያም ዳጎስ ያለ ብር ይሰጠዋል። ሁለተኛ ጊዜ እምቢ ሲል የልጆቹን ትምህርት ቤት ፎቶ ያሳዩታል። እኛ ለቡና ብለን ያንን በር አንከፍትም፤ ቡናው ለዓውደ ዓመት ቢዘገይም እንኳ።

ወላጆች ለሆናችሁ አንድ ነገር እንለምናችሁ። ወደብ ገብተው ሻንጣ የሚያወጡት ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ 18 ዓመት ያልሞላቸውም አሉባቸው። በስናፕቻት ነው የሚመለመሉት። ምግብና ብርድ ልብስ ይዘው ባዶ ኮንቴይነር ውስጥ ለቀናት ይደበቃሉ። ሆላንድ ከ2022 ጀምሮ ያለ ፈቃድ ወደብ ውስጥ የተገኘን ሰው፣ ዕፅ ባይያዝበትም፣ እስከ አንድ ዓመት ታስራለች። ልጃችሁ ድንገት አዲስ ጫማና ብዙ ብር ይዞ ከመጣ ከየት እንዳመጣው ጠይቁት። አታፍሩ፣ እሱንም አትፍሩት።

የፍተሻውንና የወደብ ኪራዩን ወጪ በዚህ ጭነት ላይ እኛው ችለነዋል። ያዘዛችሁት በነበረው ዋጋ ይደርሳችኋል። በሚቀጥለው ጭነት ላይ በኪሎ ትንሽ መጨመራችን አይቀርም፤ ስንቱን እንደሆነ ትእዛዝ ከመቀበላችን በፊት እንነግራችኋለን። ማድረስ የምንጀምረው ሰኞ ነው፤ መጀመሪያ ብራስልስና ጌንት፣ ቀጥሎ ሮተርዳምና ዴን ሃግ። ለገና የግድ የሚያስፈልጋችሁ ስማችሁን በጽሑፍ ላኩልን፣ እናስቀድማችኋለን። ለፋሲካ የሚሆነውን ደግሞ እባካችሁ ከወትሮው ሁለት ወር ቀድማችሁ እዘዙ።

ከአክብሮት ጋር፣
ቡና አስመጪና አቅራቢ ድርጅታችሁ፣ አንትወርፕ