«በእግር ይደረሳል» ሲባል በስንት ደቂቃ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በኪራይ ቤቶች ማስታወቂያ ገጻችሁ «ለመሃል ከተማ ቅርብ»፣ «ሁሉም ነገር በእግር የሚደረስ» የሚሉ ሐረጎች ይደጋገማሉ። ከትልቅ ከተማ እምብርት ወጣ ብለው ባሉ ሰፈሮች የአፓርታማ ኪራይ የሚወደደው ለዚሁ ቅርበት ነው። ተከራይ ከሩቅ ዳርቻ ይልቅ እዚህ የሚጨምረው ገንዘብ ለመንገዱ የሚከፈል ነውና መንገዱም እንደ ቤቱ መመርመር አለበት።

ጤነኛ ጎልማሳ በደቂቃ 80 ሜትር ያህል ይራመዳል፤ 800 ሜትር 10 ደቂቃ ማለት ነው። ሕፃን የያዘ ወይም ዕድሜው የገፋ ሰው ለዚያው መንገድ 15 ደቂቃ ሊፈጅበት ይችላል። ካርታ ላይ በቀጥታ መስመር 600 ሜትር የሚርቅ የአውቶቡስ ወይም የባቡር ጣቢያ፣ መሃሉን ወንዝ፣ ሐዲድ ወይም ፈጣን መንገድ ከቆረጠው እስከ መሻገሪያው ዞሮ መምጣት ስላለ አንድ ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ደላላ በመኪና ይዞ ሲሄድ ይህ አይታይም። ቤት ፈላጊው ከጣቢያው ተነስቶ በእግሩ ይሂድ፤ ሲመሽም ይድገመው። መብራት የሌለው መተላለፊያም፣ ተቆፍሮ የቀረ የእግረኛ መንገድም የሚታወቀው ያኔ ነው።

አውቶቡስ ወይም ባቡር በየ10 ደቂቃው የሚመጣ ከሆነ ሰው ሰዓት ሳያይ ከቤቱ ይወጣል፤ አማካይ ጥበቃው 5 ደቂቃ ነው። በየ30 ደቂቃው ከሆነ ግን አንዱ ሲቀር እስከ አንድ ሰዓት መቆም ይመጣል። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላና በእሑድ ያለው ምልልስ ለብቻው ይጠየቅ፤ በሥራ ቀን ጠዋት ጥሩ የሆነ መስመር ማታ ላይ ሊጠፋ ይችላል። ሒሳቡም እንዲህ ነው፦ በአንድ ጉዞ 30 ደቂቃ የሚያተርፍ ቤት፣ በወር 22 ቀን ለሚመላለስ ሠራተኛ 22 ሰዓት ይመልስለታል። የኪራዩ ልዩነት ከዚህና ከትራንስፖርት ወጪው ጋር ይመዘን። መኪና ያለው ሰው የማቆሚያውን ክፍያ ይጨምርበት፤ ብዙ ጊዜ ከኪራዩ ውጪ ነው።

ቤቱ ውስጥ ሲገባ አብዛኛው ሰው ሳሎኑንና በረንዳውን ያያል። እኔ ውሃውን አስቀድማለሁ። የመጨረሻው ፎቅ እይታው ያማረ ቢሆንም ከጣሪያ ታንከር የሚወርደው ውሃ እዚያ ላይ ግፊቱ ደካማ ነው። 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው አንድ ባር ያህል ግፊት ነው፤ ከሻወሩ ራስ 2 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ታንከር 0.2 ባር ብቻ ይሰጣል። ውሃውን በሚያልፍበት ቅጽበት የሚያሞቀው ማሞቂያ በቂ ፍሰት ካላገኘ አይነሣም፤ ስለዚህ ፓምፕ ከሌለ ተከራዩ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል። መሞከሪያው ቀላል ነው። ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ ሻወሩ ሥር ይያዝ። በ10 ሴኮንድ ከሞላ በደቂቃ 6 ሊትር ነው፤ ይበቃል። 20 ሴኮንድ ካለፈ በደቂቃ 3 ሊትርም አይሞላምና ሙቅ ውሃው አያስተማምንም። የኩሽናው ቧንቧ ተከፍቶም ይደገም።

ሌላው ድምፅ ነው። ሁሉ ነገር በእግር የሚደረስበት ሰፈር ብዙውን ጊዜ ከሕንፃው ሥር ሱቅና ምግብ ቤት አለው፤ ምቾቱም ረብሻውም ከዚያው ይመጣል። የመንገዱን ጫጫታ ባለ ሁለት መስታወት መስኮት ይቀንሰዋል። የምግብ ቤቱ ጭስ ማውጫ ፋንና የሱቁ ፍሪጅ ኮምፕሬሰር ግን ንዝረታቸው በወለሉና በግድግዳው በኩል ስለሚገባ መስኮት አያቆመውም፤ ኮምፕሬሰሩም ሌሊቱን ሙሉ ሲነሣና ሲጠፋ ያድራል። ወደ መኝታ ቤቱ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ መዳፍን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ሁለት ደቂቃ ዝም ማለት ነው። ጉብኝቱ ቅዳሜ ማታ ቢሆን ይመረጣል። ሳሎኑ ጠባብ ቢሆን እንኳ መኝታ ቤቱ ወደ ጓሮ የዞረውን ቤት እመርጣለሁ።

አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ከተገኘ ምክንያቱ ይጠየቅ። ሻጋታ የሚወደው የውጭ ግድግዳ ላይ የተጠጋ ቁም ሣጥን ጀርባ ነው፤ አየር ስለማይዞርበት ግድግዳው ይቀዘቅዛል፣ የቤቱም እርጥበት እዚያ ላይ ውሃ ይሆናል። ሶኬቶቹ በስልክ ቻርጀር አንድ በአንድ ይሞከሩ።

ቀብድ ከመሰጠቱ በፊት የአከራዩ መታወቂያና የባለቤትነት ማስረጃው አንድ ስም መያዛቸው ይታይ። ወኪል ከሆነ፣ ውክልናው ማከራየትንም ገንዘብ መቀበልንም የሚጠቅስ መሆኑ ይነበብ። ውሉ የኪራይ ጭማሪን፣ ለመልቀቅ የሚሰጠውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ የማስያዣው ገንዘብ በስንት ቀን እንደሚመለስ፣ የሊፍት፣ የጥበቃና የፓምፕ ወጪ በማን ላይ እንደሆነ በግልጽ ካላስቀመጠ አይፈረም። «የጥገና ወጪ በተከራይ» የሚል ደረቅ ዐረፍተ ነገር በተለይ አደገኛ ነው፤ ግድግዳ ውስጥ የፈነዳ ቧንቧም ተከራዩ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ተከራይ ያበላሸውና በእርጅና የተበላሸው ተለይቶ ይጻፍ። ቁልፍ በሚረከቡበት ቀን የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ንባብ ከነቀኑ ይመዝገብ፤ የነበሩት ስንጥቆችና የተሰበሩ ነገሮች ፎቶ ተነሥተው በዚያው ዕለት ለአከራዩ በመልእክት ይላኩ። በማስያዣ ገንዘብ ላይ ክርክር ቢነሣ ማስረጃው ይህ ነው። የቀድሞው ተከራይ ያልከፈለው ሒሳብ እንዳይተላለፍም የመጨረሻው ወር ደረሰኝ ይጠየቅ።

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ይህን ነው፦ የኪራይ ማስታወቂያ ስትቀበሉ ከሕንፃው በር እስከ ቅርቡ ጣቢያ ያለውን የእግር ደቂቃ፣ ቤቱ ያለበትን ፎቅና ሊፍት መኖሩን፣ የማስያዣውን መጠንና ከኪራዩ ውጪ የሚከፈለውን የጋራ ወጪ እንዲጽፉ አድርጉ። ከሁለት መስመር በላይ ቦታ አይወስድም። «ቅርብ» የሚለው ቃል ያለ ደቂቃ እንዳይታተም እለምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው አንባቢ